ስለ ጋራ ሀብትና ስለ መጋቢው ቁልፍ

አንድ ሰው በስሙ አንዲት ስንዝር መሬት ሳትኖረው፥ ልብሱም ምግቡም ከጎረቤቱ ልብስና ምግብ ሳይለይ፥ ነገር ግን የመቶ ሰው እንጀራ የተቀመጠበትን የጎተራ ቁልፍ ቢይዝ፥ ይህን ሰው ድኻ እንለዋለን ወይስ ባለጸጋ? ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የተነሣ አይደለም። «የእኔ» እና «የአንተ» የሚባሉትን ቃላት ከመካከላቸው አውጥተው ለመጣል ወደ አምስት መቶ ዓመት ያህል የደከሙ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ሁተራውያን ይባላሉ። ዛሬ በካናዳና በአሜሪካ ሰፊ ሜዳ ላይ ከ500 በሚበልጡ የገበሬ ማኅበሮች ተከፋፍለው ይኖራሉ። በእነርሱ ዘንድ የግል መሬት፥ የግል ከብት፥ የግል መኪና የሚባል ነገር የለም። ዳሩ ግን ጎተራ አለ፤ ጎተራ ካለ ቁልፍ አለ፤ ቁልፍም ካለ ቁልፉን የሚይዝ ሰው አለ። እኔ ስለ እነዚህ ሰዎች ባነበብሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ የሀብታቸው አንድነት ሳይሆን ይኸው ቁልፍ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1528 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ዘመን ሕፃን ሳይሆን አምኖ የመጣ ዐዋቂ ብቻ ይጠመቅ የሚሉ ሰዎች በመንግሥትም በቤተ ክርስቲያንም ይሳደዱ ነበርና፥ አንዳንዶቹ ዛሬ የቼክ አገር ክፍል በሆነችው በሞራቪያ፥ ኒኮልስቡርግ በምትባል ከተማ ተጠግተው ነበር። ከእነዚህም መካከል ክርስቲያን ከቶ ሰይፍ አይምዘዝ የሚሉት ከሌሎቹ ጋር መስማማት ስላልቻሉ፥ ወደ 200 የሚሆኑ ዐዋቂዎች ልጆቻቸውን አስከትለው ከከተማይቱ ወጡ። በመንገድም ሳሉ አንድ ካባ መሬት ላይ ተዘረጋ፤ እያንዳንዱም ያለውን ገንዘብ፥ ማንም ሳያስገድደው፥ በካባው ላይ አኖረ። የተሰበሰበውን የሚጠብቁና ለችግረኛው የሚያካፍሉ መጋቢዎችም ተሾሙ።

የካባው ታሪክ ያማረ ስለ ሆነ ብዙዎች ደጋግመው ይተርኩታል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ፈጥነው ያልፉታል። ለእኔ ትምህርቱ ያለው ፈጥነው በሚያልፉት ላይ ነው። እነዚህ ስደተኞች አውስተርሊትስ በምትባል ከተማ ተቀምጠው ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው፥ ከመካከላቸው ቪልሄልም ሮይብሊን የሚባል ሰው በመሪዎቹ ላይ ክስ አቀረበ። በ1531 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ፥ ተራው ሰው አተርና ጎመን ሲበላ መሪዎቹና ሚስቶቻቸው ጥብስ፥ ዓሣና ወፍ ይበላሉ፥ ጥሩ የወይን ጠጅም ይጠጣሉ አለ። ተከታዮቹንም ይዞ በክረምት ብርድ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ይኸው ከሳሽ በታመመ ጊዜ 24 ጉልደን ለብቻው ደብቆ ተገኘና እርሱም ተባረረ። ይህም አልበቃ። በ1533 ዓ.ም. ያኮብ ሁተር ከቲሮል ተራሮች መጥቶ የመሪዎቹ ክፍል ሳይቀር እንዲፈተሽ በተደረገ ጊዜ፥ በዋናው መሪ በሲሞን ሹትሲንገር ዘንድ ብዙ የተልባ እግር ጨርቅና ሸሚዝ ተገኘ፤ ሌላም አለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ 40 ጉልደን ከደበቀበት አውጥቶ ሰጠ።

አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ ካባው ከተዘረጋ ገና አምስት ዓመት ነው። ገንዘብ የደበቁት ደግሞ ሌቦች አልነበሩም። ስለ እምነታቸው አገራቸውን የተዉ፥ ቢያዙም በእሳት እንደሚቃጠሉ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ነፍሱን ለመስጠት የተዘጋጀ ሰው 40 ጉልደን የሚደብቀው ስለ ምንድን ነው? ስግብግብነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ይህ መልስ አያረካኝም። እኔ እንደሚመስለኝ ፍርሃት ነው። ተራው ሰው ጎተራው ሁልጊዜ የሞላ ይመስለዋል፤ ቁልፉን የያዘው ግን የጎተራውን ወለል ያያል። ስንት ስንዴ እንደ ቀረ፥ ስንት አፍ እንደ መጣ፥ የሚቀጥለው ስደት መቼ እንደሚሆን የሚያስበው እርሱ ነው። ስለዚህ ሁሉም በእኩል እንዲያምን በተጠየቀበት ማኅበር ውስጥ ማመን ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ለሹሙ ነው። ይህን ስል ሹሙን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ ፈተናው ከምን እንደሚመጣ ያላወቀ ሰው መከላከያውን ሊያበጅ አይችልምና ነው።

ሁተር ባርኔጣ ሠሪ ነበረ። ማኅበሩን የመራው ሁለት ዓመት ተኩል ለማይሞላ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1536 ዓ.ም. በኢንስብሩክ በእሳት ተቃጠለ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ መጠሪያቸው ሆኖ ቀርቷል። ብዙ መጻሕፍትን ስለ ጻፈ አይደለም። እኔ እንደምገምተው፥ ስሙ የጸናበት አንዱ ምክንያት ቁጥጥሩ ከላይኛው ሰው ሊጀምር እንደሚገባ ስላሳየ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ረጅም ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በሞራቪያ ብዙ ዘመን በልጽገው ኖሩ፤ በ1622 ዓ.ም. ተባረሩ፤ በሃንጋሪ፥ በትራንሲልቫንያ፥ በኋላም በሩስያ ግዛት ተንከራተቱ። በመካከሉ የጋራውን ሀብት ከአንድ ጊዜ በላይ ትተውታል። በ1819 ዓ.ም. በሩስያ ሳሉ ንብረቱን ተከፋፍለው እያንዳንዱ ለየራሱ ማረስ ጀመረ፤ አርባ ዓመት ቆይቶ በ1859 ዓ.ም. ሚካኤል ቫልድነር የሚባል ብረት ሠሪ አንድነቱን እንደ ገና አቋቋመ። ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አሜሪካ ዳኮታ ሲፈልሱ ከሺህ ይበልጡ ነበር፤ በማኅበር ሀብት የሰፈሩት ግን 400 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት እንደ ማንኛውም ገበሬ የየግል መሬት ያዙ። የመጀመሪያው ማኅበር በሚዙሪ ወንዝ ዳር የተተከለው ቦን ኦም ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ማኅበሮች ተመሠረቱ፤ የዛሬዎቹም ሦስት ወገኖች ከእነዚህ የወጡ ናቸው፤ ሽሚደሎይት፥ ማለት የብረት ሠሪው ሰዎች፤ ዳሪዩስሎይት፥ ማለት የዳሪዩስ ሰዎች፤ ሌረርሎይት፥ ማለት የመምህሩ ሰዎች። (አንድ ሕዝብ በመምህር ስም ሲጠራ ማየት ለእንደ እኔ ያለው ሰው ትንሽ ደስታ አይደለም።) በ1918 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ አንዘምትም ብለው ከታሰሩት ልጆቻቸው ሁለቱ በሌቨንዎርዝ ወኅኒ ቤት ስለ ሞቱባቸው፥ አብዛኞቹ ማኅበሮች ወደ ካናዳ ተሻገሩ።

አሁን ወደ ቁልፉ እንመለስ። የአገራችንን የአንድነት ገዳም የሚያውቅ ሰው የእነዚህ ሰዎች አኗኗር ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። በአንድ አዳራሽ ይበላሉ፤ ወንዶች በአንድ ወገን፥ ሴቶች በሌላ ወገን፥ ልጆችም ለብቻቸው በመምህራቸው ሥር ሆነው። መጋቢ አላቸው፤ የእርሻ አለቃ አላቸው፤ ከሁሉም በላይ ሰባኪ አላቸው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። መነኩሴ ዓለምን ትቶ በፈቃዱ ወደ ገዳሙ ይገባል፤ ሁተራውያን ግን ያገባሉ፥ ይወልዳሉ፥ የተወለደውም ልጅ ከመናገሩ በፊት የማኅበሩ ሰው ነው። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰባኪ ሲሾሙ እንዲህ ያደርጋሉ። የተጠመቁት ወንዶች ከሌሎች ማኅበሮች ከመጡ መልእክተኞች ጋር ሆነው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ብዙ ድምፅ ያገኘው ሰው አይሾምም። አምስትና ከዚያ በላይ ድምፅ ያገኙት ሁሉ ስማቸው በወረቀት ይጻፍና እጣ ይወጣል። ምሳሌያቸው በሐዋርያት ሥራ ማትያስ በይሁዳ ፈንታ በእጣ የተመረጠበት ነው። የተሾመውም ወዲያው ሙሉ ሥልጣን አይሰጠውም፤ ጥቂት ዓመት ይፈተናል። ይህ ሥርዓት ሹመትን የሚሹ ሰዎችን ተስፋ ያስቆርጣል። ብዙ ዘመን ሳስተምር፥ የክፍል አለቃ ማን ይሁን ሲባል እጁን ከሁሉ ቀድሞ የሚያወጣው ልጅ፥ አብዛኛውን ጊዜ የጓደኞቹን ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ የሚወድ ልጅ መሆኑን አይቻለሁ። እጣው እንዲህ ያለውን ልጅ ፈጽሞ አይከለክለውም፤ እጁን ማውጣቱን ግን ከንቱ ያደርግበታል።

መጋቢው ግን በእጣ አይሾምም፤ በድምፅ ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ሒሳብ የማያውቅ ሰው በእጣ ቢደርሰው ማኅበሩ ይራባል። ስለዚህ ሁለቱን ሹማምንት በሁለት ገመድ አሰሯቸው ማለት ይቻላል። ሰባኪው ከራሱ አመንጭቶ አይሰብክም፤ አባቶቻቸው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የጻፏቸውን ስብከቶች ያነባል፤ ስለዚህ ምላሱ በአሮጌው መጽሐፍ ታስሯል። መጋቢው ደግሞ ገንዘቡን ሲያወጣና ሲያገባ በሽማግሎች ምክር ሥር ነው፤ ድምፅ የሰጠውም ጉባኤ ሊሽረው ይችላል። ገመዱ ግን ሁሉንም አይዝም። ማን ወደ ከተማ ሐኪም ቤት ይሂድ፥ ማን ለወንድሙ ሠርግ መኪና ይፈቀድለት፥ ማን በየትኛው ሥራ ይመደብ የሚለው በየቀኑ ይወሰናል፤ የየቀኑ ነገር ደግሞ በጉባኤ አይወሰንም። ገንዘብ በሌለበት ቦታ የሹሙ ፊት ገንዘብ ይሆናል።

ከዚህ ሕዝብ ሥርዓት ሁሉ እጅግ የማደንቀው አዲስ ማኅበር የሚመሠርቱበትን መንገድ ነው። አንድ ማኅበር 120 ወይም 150 ነፍስ ሲሆን ለሁሉ የሚበቃ ሥራ ይጠፋል፤ ወጣቱም ኀላፊነት ሳያገኝ ይጎለምሳል። ስለዚህ ገና ከብዙ ዓመት በፊት ጀምረው ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ መሬት ይገዛሉ፤ በዚያም ቤት፥ ወጥ ቤት፥ በረትና ጎተራ ይሠራሉ። (በአልበርታ ክፍለ ሀገር ይህ ቀላል አልነበረም፤ በ1947 ዓ.ም. የወጣ ሕግ አዲስ ማኅበር ከነባሩ ቢያንስ 40 ማይል ካልራቀ እንዳይተከል ከልክሎ ነበርና፤ ሕጉ የተሻረው በ1973 ዓ.ም. ነው።) ሁሉ ነገር ሲዘጋጅ ቤተ ሰቦቹ በሁለት ዝርዝር ይጻፋሉ፤ ዕድሜው፥ የሥራው ዕውቀት፥ የልጆቹ ቁጥር እንዲመዛዘን ተደርጎ፤ በእያንዳንዱም ዝርዝር አንድ ሰባኪ ይኖራል። ከብቱ፥ መሣሪያው፥ ዕዳውም ሳይቀር ለሁለት ይከፈላል። ማን በነባሩ ይቅር፥ ማን ወደ አዲሱ ይሂድ የሚለው ግን አልተወሰነም። በተለይ በሌረርሎይት ዘንድ የሁለቱም ዝርዝር ሰዎች ዕቃቸውን ሁሉ ያስራሉ፤ ከዚያ እጣ ይወጣል። የመሄድ እጣ የደረሰው ወገን ያን ጊዜውኑ ይጓዛል፤ ሌላው ወገን ያሰረውን ድስትና አልጋ ይፈታል።

እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለውን ብልኀት እንመልከት። ሀብቱን ለሁለት የሚከፍለው ሰው የትኛው ክፍል የራሱ እንደሚሆን አያውቅም። አዲሱን ቤት በክፉ እንጨት ቢሠራ፥ በዚያ ቤት የሚተኙት የራሱ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። አሮጌውን ማረሻ ለአንዱ፥ አዲሱን ለሌላው ቢያደርግ፥ አሮጌው ማን እጅ እንደሚገባ አያውቅም። ስለዚህ ቅን መሆንና ለራስ ማሰብ በዚያች ሌሊት አንድ ይሆናሉ። ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፥ እጣ የሰነፍ ሰው ፍርድ ነው፥ አእምሮ የተሰጠን ለምንድን ነው ይል ይሆናል። እቁብ ለሚጥል ሰው፥ ወይም ከወንድሞቹ ጋር የአባቱን ርስት ለተካፈለ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። አእምሮ ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ ከሠራ በኋላ፥ ድርሻዎቹ ከተመዛዘኑ በኋላ ነው እጣ የሚመጣው፤ እርሱም የሚያስወግደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህኛው ለእኔ ይሁን» የሚለውን።

ዳሩ ግን ይህም ብልኀት ድንበር አለው። መሬትና ማረሻ በእጣ ሊከፈል ይችላል፤ እኅትማማቾች ግን አይከፈሉም። ማን ከማን ጋር በአንድ ዝርዝር ይጻፍ የሚለው አስቀድሞ በሰዎች ይወሰናል፤ በዚህም ውሳኔ ሴቶች ድምፅ የላቸውም። ዕቃውን የሚያስሩት እነርሱ ናቸው፤ ከእናታቸው ተለይተው ሊሄዱ የሚችሉትም እነርሱ ናቸው፤ ጉባኤው ግን የወንዶች ነው። ይህን ጥንታዊ ልማድ ነው ብዬ ብቻ ላልፈው አልችልም። ካባው ላይ ያኖረ ሁሉ ስለ ካባው ሊናገር ይገባው ነበርና። የ1528ቱንም ካባ ከከበቡት መካከል ሴቶች ነበሩ።

አሁን ቀደም ብዬ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ ወደ ለመንሁት ልመለስ። ስለሚወጣው ሰው ነው። ሁተራውያን አንድ ሰው ማኅበሩን ትቶ ቢሄድ ወይም ቢባረር ከጋራው ሀብት ምንም አይሰጡትም። ሲጠመቅ ይህን አውቆ ተስማምቷል። በማኒቶባ፥ በኢንተርሌክ ማኅበር፥ ሃይማኖት በመለወጣቸው የተባረሩ ሰዎች ድርሻችን ይሰጠን ብለው ከስሰው ነበር። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1970 ዓ.ም. ፈረደባቸው፤ የፈረሙት ውል ይይዛቸዋል ብሎ። ከዳኞቹ አንዱ ብቻ ተለየ። ይህ ዳኛ እንዳለው፥ ሃይማኖቱን ሲለውጥ የነበረውን ሁሉ የሚያጣ ሰው ሃይማኖቱን ለመለወጥ ነጻነት አለው ማለት አይቻልም።

ሌላ ክርክር ደግሞ በ1992 ዓ.ም. በዚያው ፍርድ ቤት ተፈርዷል። ከሌክሳይድ ማኅበር አንድ ሰው የአሳማ መመገቢያ መሣሪያ ይሠራ ነበር፤ የመሣሪያው ፓተንት ግን በሌላ ማኅበር እጅ ስለ ነበረ አቁም ተባለ። እርሱም መሪዎቹ በድለውኛል ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻም ተባረረ። ፓተንቱን የያዘው ማኅበር የሽሚደሎይት ሁሉ ዋና መሪ የነበረው ሰባኪ የሚኖርበት ማኅበር ነበረ። ፍርድ ቤቱ በሃይማኖቱ ነገር አልገባም፤ ነገር ግን አንድን ሰው ለማባረር ጉባኤ ሲጠራ አስቀድሞ ሊነገረው፥ መልሱም ሊሰማ ይገባ ነበር፥ ይህም ስላልተደረገ መባረሩ አይጸናም አለ። በዚያው ዓመት የሽሚደሎይት ማኅበሮች በዚሁ መሪ አመራር ምክንያት ለሁለት ወገን ተከፈሉ። ወንድም ከወንድሙ ጋር ማዕድ ማቋረጡን ስናይ፥ ያ ክፍፍል በእጣ ከሚደረገው ክፍፍል ምን ያህል እንደሚለይ እንረዳለን።

ስለ ድርሻው የማኅበሩ ሽማግሎች መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ እኔም በቀላሉ አላየውም። የሚወጣው ሁሉ ድርሻውን ይውሰድ ቢባል መሬት ሊሸጥ ነው፤ መሬት ከተሸጠ በአንድ ትውልድ ውስጥ የ1819ኙ ነገር ይደገማል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ለመቅረት የፈለገው አሮጌውና ሕመምተኛው ነው። ደግሞስ ካባው ላይ የተኖረ ነገር የማን ነው? የሰጠው ሰው ስጦታውን መልሶ ሊጠይቅ አይችልም። ይህ ሁሉ ልክ ነው፤ ልክ የሚሆነው ግን ለዚያ በ1528 ዓ.ም. ኪሱን በፈቃዱ ላራገፈው ሰው ነው። በማኅበሩ ውስጥ የተወለደው ልጅ ከዐሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ከትልልቆቹ ጋር ይሠራል፤ የሚጠመቀው ግን ብዙ ጊዜ ሃያ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ከመጠመቁ በፊት ያኖረውን ጉልበት ማን አኖረለት? እሺ ያለውስ መቼ ነው? ሃያ ዓመት ሲሞላው እሺም እንቢም ለማለት ነጻ ነህ ይባላል፤ እንቢ ቢል ግን ኪሱ ባዶ ነው፥ የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ በማኅበሩ ውስጥ ናቸው፥ የከተማውንም ኑሮ አልተማረም። ከእነዚህ ወጣቶች አንዳንዶቹ በሌሊት ሹልክ ብለው የሚወጡት በከንቱ አይደለም።

እኔ በዚህ ነገር ላይ ያለኝ ፍርድ ይህ ነው። ድርሻ ሌላ ነው፤ ስንቅ ሌላ ነው። ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ማኅበሩን ሊያፈርስ ይችላል፤ ለመንገደኛ ስንቅ በመስጠት ግን የፈረሰ ቤት አላየሁም። ጥቂት ወር የሚያኖር ገንዘብ፥ የሥራ መሣሪያ፥ የሠራውንም ሥራ የሚመሰክር ደብዳቤ ቢሰጠው፥ ከ2,000 ወይም ከ3,000 አሳማ ሽያጭ የሚጎድለው ምን ያህል ነው? እንዲህ የሚያደርጉ መሪዎች ቢኖሩ የሚያደርጉት ከልባቸው ቸርነት እንጂ ውላቸው አስገድዷቸው አይደለም፤ ስለዚህ ነገሩ ተመልሶ ቁልፉን በያዘው ሰው ፊት ላይ ይወድቃል። እነዚያ ሁሉን ነገር ያሰቡ አባቶች ያበጁት እጣም በዚህ ቦታ አይረዳም፤ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነውና፥ ስንቁን የሚቆርጠው መጋቢም በነባሩ ቤት የሚቀረው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ አስቀድሞ ያውቃል።